ባንኩ ስልክ፣ ስልኩ ባንክ ሲጠይቅ፦ ለትምህርት ውጭ ሀገር የሚሄድ ሰው ከየት ይጀምር?

ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ቪዛው ከተገኘ በኋላ ጣጣው ሁሉ ያለቀለት ይመስለዋል። ትልቁስ አልቋል። የቀረው ትንሽ የሚመስለው ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሲያስመርር ይታያል። ባንክ ሄዳችሁ ሒሳብ ልክፈት ስትሉ የዚያን ሀገር ስልክ ቁጥርና የመኖሪያ አድራሻ ይጠይቋችኋል። የስልክ ኩባንያ ሄዳችሁ ወርኃዊ ኮንትራት ስትጠይቁ ክፍያው የሚቆረጥበት የባንክ ሒሳብ አምጡ ትባላላችሁ። ቤት ልከራይ ስትሉ ደግሞ አከራዩ ሁለቱንም ይፈልጋል። አድራሻ ከሌለ ባንክ የለም፤ ባንክ ከሌለ ቤት የለም።

ይህ ዙሪያ ጥምጥም የማንም ክፋት አይደለም። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው ማን ነው? የት ይገኛል? አንዱ ድርጅት ሌላው ያረጋገጠውን ይዞ መቀጠል ይፈልጋል። አዲስ የመጣ ሰው ደግሞ ገና ማንም ያላረጋገጠለት ሰው ነው። ስለዚህ ብዙ የማይጠይቀውን በር ፈልጎ በዚያ መግባት ያስፈልጋል። ያ በር አብዛኛውን ጊዜ የቅድመ ክፍያ ሲም ካርድ ነው። ቀጥሎ የሚያግዛችሁ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተያዙ ባንኩ ይከፈታል፤ ባንኩ ከተከፈተ የቀረው በየተራው ይመጣል።

መጀመሪያ ስልኩን ፈትሹ

ሲም ከመግዛታችሁ በፊት የያዛችሁት ስልክ የሌላ ኩባንያ ሲም እንደሚቀበል አረጋግጡ። በኮንትራት ወይም በቅናሽ የተገዛ ስልክ ከሸጠው ኩባንያ ሲም ውጭ እንዳይሠራ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። የሚከፍተው ያው የቆለፈው ኩባንያ ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ጉዳዩን ጨርሱ። የጓደኛችሁን የሌላ ኩባንያ ሲም ለአንድ ደቂቃ አስገብታችሁ ኔትወርክ ከያዘ ክፍት ነው ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ የድምፅ ጥሪውን ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የ3ጂ ኔትወርካቸውን በ2022 እ.ኤ.አ. ዘግተዋል። ሌሎች ሀገሮችም በዚሁ መንገድ እየሄዱ ነው። አሮጌዎቹ ኔትወርኮች ሲዘጉ የድምፅ ጥሪ የሚሄደው በ4ጂ ላይ ነው፤ ይህ አሠራር ቮልቲ ይባላል። ችግሩ ስልካችሁ 4ጂ ስላለው ብቻ ቮልቲው በዚያ ኩባንያ ኔትወርክ ላይ ይሠራል ማለት አለመሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ ተማሪ ኢንተርኔቱ ይሠራለታል፣ ቪዲዮ ያያል፣ በቴሌግራምና በዋትሳፕ ይደዋወላል። በመደበኛ ቁጥሩ ሲደወልለት ግን ስልኩ አይጠራም። ጓደኞቹ በዚያ ቁጥር ስለማይደውሉለት ለሳምንታት ላያውቀው ይችላል። የሚነቃው ባንኩ ወይም ቀጣሪው ደጋግመን ደውለን አጣንህ ብሎ ኢሜይል ሲልክለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስልካችሁ ላይ *#06# ስትደውሉ 15 አሃዝ ያለው አይኤምኢአይ የተባለ ቁጥር ይመጣል። ብዙ የስልክ ኩባንያዎች ይህን ቁጥር ድረ ገጻቸው ላይ አስገብታችሁ ስልኩ በኔትወርካቸው እንደሚሠራ እንድታዩ ያስችላሉ። ስልካችሁ ከሁለቱ ፍተሻዎች፣ ከሲም መቆለፉም ከኔትወርኩም፣ አንዱን ካላለፈ እዚያ ደርሶ ርካሽ ስልክ መግዛት ሊያዋጣ ይችላል። አንዳንድ ሀገር ደግሞ ከውጭ የገባን ስልክ መመዝገብ ግዴታ ነው። ቱርክ ውስጥ ለምሳሌ ከውጭ የመጣ ስልክ በሀገሩ ሲም የሚሠራው 120 ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍያ ተከፍሎበት ካልተመዘገበ ከኔትወርክ ይወጣል።

የትኛው ሲም?

የጉዞ ኢ-ሲም (ካርድ ሳይገባ በስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) ምቹ ነው። ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ ካርታና ታክሲ ለማግኘት ይረዳል። ነገር ግን አብዛኞቹ የጉዞ ኢ-ሲሞች ዳታ ብቻ ናቸው፤ የሚደወልበትና መልእክት የሚቀበል ቁጥር የላቸውም። ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ የሚልክበት ቦታ የለም ማለት ነው። አየር ማረፊያ ላይ የሚሸጠው የቱሪስት ሲም ደግሞ ቁጥር ቢኖረውም ብዙ ጊዜ በቀን የተገደበ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ቁጥሩም ይሞታል። እንዲህ ባለ ቁጥር ባንክ ሒሳብ አትክፈቱ። ሁለቱንም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ተጠቀሙባቸው።

ባንክ ዘንድ የምታስመዘግቡት ቁጥር ዓመታት የሚቆይ መሆን አለበት። ለዚህ መደበኛ የቅድመ ክፍያ ሲም ይበቃል። ካርድ እየሞላችሁ ትጠቀማላችሁ፤ የባንክ ሒሳብም የብድር ታሪክም አይጠየቅም። መታወቂያ ግን እንደ ሀገሩ ነው። ብሪታንያ ውስጥ የቅድመ ክፍያ ሲም ለመግዛት መታወቂያ ማሳየት በሕግ አይጠየቅም። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ከሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም የቅድመ ክፍያ ሲም ሥራ የሚጀምረው የገዢው ማንነት ተረጋግጦ ነው፤ ፓስፖርት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ስትገዙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ካርድ ሳልሞላ ስንት ጊዜ ብቆይ ቁጥሩ ይዘጋብኛል? መልሱን ካላንደራችሁ ላይ መዝግቡት።

የዳታ ጥቅል ምርጫው ላይ ብዙ አትጨነቁ። ዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ አለው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ከሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአንዱ ሀገር ሲም ለአጭር ጉዞ በሌላው ሀገር ያለ ተጨማሪ የሮሚንግ ክፍያ ይሠራል።

የድሮውን ቁጥር አትጣሉት

ይህኛው ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር፤ እኔ እንደማየው ብዙ ተማሪ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነውና። ዛሬ ስልክ ቁጥር መደወያ ብቻ አይደለም። የባንክ መተግበሪያችሁ፣ ኢሜይላችሁ፣ የዩኒቨርሲቲው ገጽ፣ የቪዛ ማመልከቻችሁ ሁሉ ኮድ የሚልኩት በዚያ ቁጥር ነው። የትውልድ ሀገራችሁ ባንክም እንደዚያው። አዲስ ሲም አስገብታችሁ የድሮውን ሻንጣ ውስጥ ስትወረውሩት የገንዘባችሁን ቁልፍ አብራችሁ ወረወራችሁት ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ቁጥሩ ይዘጋል፤ ቆይቶም ለሌላ ሰው ይሸጣል። በአሜሪካ ደንብ አንድ የተዘጋ ቁጥር ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት መቆየት ያለበት ቢያንስ 45 ቀን ነው። አንድ ወር ተኩል ብቻ! አዲሱ ባለቤት ክፉ ሰው ባይሆን እንኳ የእናንተ ኮድ እሱ ጋ ይሄዳል።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ባንካችሁ ኮዱን በአጭር መልእክት ከመላክ ይልቅ በመተግበሪያው ውስጥ ማረጋገጥ የሚያስችል ከሆነ ወደዚያ ቀይሩ። ይህ ሮሚንግ ባይሠራም ይሠራል፤ ዋይፋይ ይበቃዋል። ኢሜይላችሁንም እንዲሁ ኮድ ወደሚያመነጭ መተግበሪያ አዙሩት። ሁለተኛ፣ የድሮውን ሲም በሁለተኛው የሲም ቦታ ላይ አቆዩት። ዳታውን አጥፉ፤ ጥሪ አታንሱበት። በብዙ ኩባንያዎች አሠራር ሮሚንግ ላይ ሆኖ አጭር መልእክት መቀበል አያስከፍልም፤ የእናንተ ኩባንያ እንዴት እንደሚያደርግ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሮሚንግም ተከፍቶላችሁ እንደሆነ አረጋግጡ። ከሄዳችሁ በኋላ ከሩቅ ሆኖ ማስከፈት ሌላ ፈተና ነው።

በአጭር መልእክት የሚመጣ ኮድ ራሱ ደካማ ጎን አለው። አጭበርባሪ የስልክ ኩባንያውን አታሎ ቁጥራችሁን በሌላ ሲም ላይ ሊያወጣ ይችላል። ስልካችሁ ድንገት ያለ ምክንያት ኔትወርክ ካጣ፣ ዳግም አስነስታችሁትም ካልተመለሰ፣ በሌላ ሰው ስልክ መጀመሪያ ወደ ባንካችሁ ደውሉ። ወደ ስልክ ኩባንያው የሚደወለው ከዚያ በኋላ ነው።

ባንኩ ለምን ይህን ሁሉ ይጠይቃል?

ባንክ ደንበኛውን ማወቅ በሕግ ግዴታው ነው። ሕገወጥ ገንዘብን ለመከላከል የወጣው ይህ ግዴታ በየሀገሩ ስሙ ቢለያይም መነሻው አንድ ነው። ማንነታችሁን በፓስፖርት ያያል። ሕጋዊ ሆናችሁ መግባታችሁን በቪዛ ወይም በመኖሪያ ፈቃድ ያያል። የት እንደምትኖሩ ያያል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ይጠይቃል፦ ከቤተሰብ ነው? ከስኮላርሺፕ? ከሥራ? "ከቤተሰብ በየወሩ ይህን ያህል" ብሎ በግልጽ መመለስ ምንም ነውር የለውም። እንዲያውም በኋላ ገንዘቡ ሲገባ ጥያቄ እንዳይነሳ ያደርጋል።

አዲስ ሰው የሚሰናከለው አድራሻው ላይ ነው። የመብራትና የውሃ ደረሰኝ በስሙ የለም። የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ሬጅስትራር ወይም የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሄዳችሁ "ለባንክ ሒሳብ መክፈቻ የሚሆን ደብዳቤ" በሉ። ብሪታንያ ውስጥ ይህ የታወቀ አሠራር ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ለባንክ የሚጻፍ ደብዳቤ ተዘጋጅቶ አላቸው። ደብዳቤው ስማችሁን ልክ እንደ ፓስፖርቱ አጻጻፍ፣ የትምህርቱን መጀመሪያና ማብቂያ፣ የምትኖሩበትን አድራሻ መያዝ አለበት። አንዳንድ ባንክ ደብዳቤው በስሙ እንዲጻፍለት ይፈልጋል። ስለዚህ የትኛው ባንክ ጋ እንደምትሄዱ ቀድማችሁ ወስኑ። ደብዳቤውን እንደተቀበላችሁ እዚያው ቆማችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ከባንክ ያስመልሳችኋል።

የስሙ ነገር ከቢሮክራሲም በላይ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በዩሮ አካባቢ ደግሞ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ገንዘብ የሚልክ ሰው የጻፈው ስም ከሒሳቡ ባለቤት ስም ጋር መግጠሙን ባንኮች ይፈትሻሉ። ካልገጠመ ላኪው ማስጠንቀቂያ ይመጣለታል። በፓስፖርት፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በባንክ፣ በኪራይ ውል ላይ ስማችሁ አንድ ዓይነት ይሁን።

ፎርሙ ላይ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት አንድ ገጽ አለ። "የግብር ነዋሪነትህ የት ነው? የግብር መለያ ቁጥርህ ስንት ነው?" ይላል። ይህ ግብር ክፈሉ ማለት አይደለም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው አሠራር ከ100 በላይ ሀገሮችና ግዛቶች የውጭ ሰዎችን ሒሳብ መረጃ ለመለዋወጥ ተስማምተዋል፤ ባንኩ የሚጠይቀው ለዚያ ነው። በእውነት መልሱ። ቁጥሩ ገና ካልተሰጣችሁ የሚሞላ ሌላ ሣጥን አለ፤ ምክንያቱን ጻፉበት። ግምት አትጻፉ።

እንደ ሀገሩ የሚለያየው

አሜሪካ ውስጥ "የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት የሚሰጠው የግል መለያ) ከሌለህ ሒሳብ አይከፈትልህም" የሚል ወሬ ብዙ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ግን አሜሪካዊ ያልሆነ ሰው በፓስፖርት ቁጥር እንዲለይ ይፈቅዳል። በኢንተርኔት የሚሞላው ፎርም ቁጥሩን አስገድዶ ስለሚጠይቅ ብዙ ተማሪ እዚያው ተስፋ ይቆርጣል። ቅርንጫፍ በአካል ሂዱ። ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያሉ ቅርንጫፎች ተማሪ ማስተናገድ ለምደዋል።

በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ መመሪያ አለ። በኅብረቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ማንኛውም ሰው መሠረታዊ የክፍያ ሒሳብ የማግኘት መብት አለው። ባንኩ የተሟላ ማመልከቻ ከደረሰው በኋላ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። አንድ ባንክ "ለውጭ ተማሪ አንከፍትም" ካላችሁ "መሠረታዊ ሒሳብ" ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። ካናዳም ባንኮች ሥራ የሌለውን፣ የሚያስቀምጠው ገንዘብ ያልያዘውን ሰው እንኳ መታወቂያው እስከተሟላ ድረስ ሒሳብ እንዲከፍቱለት በሕግ ትጠይቃለች። ይህን ማወቅ መስኮቱ ፊት ስትቆሙ አንገታችሁን ቀና ያደርጋል።

ጀርመን ለቪዛ የታገደ ሒሳብ ትጠይቃለች፤ ስፐርኮንቶ ይሉታል። ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመት የሚያዘው 11,904 ዩሮ ነው፤ በወር 992 ዩሮ ይለቀቃል። ነገር ግን ገንዘቡ ከዚያ የሚወጣው እዚያ ደርሳችሁ ወደከፈታችሁት ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ነው። ተንቀሳቃሽ ሒሳቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ የነዋሪነት ምዝገባ ወረቀት ይፈልጋል። ስለዚህ "ገንዘቤ እዚያ አለ" ብላችሁ ኪሳችሁን ባዶ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ። ጃፓን ውስጥም ገና 6 ወር ያልሞላው ሰው በውጭ ምንዛሪ ሕጉ እንደ ነዋሪ ስለማይቆጠር ባንኮች የሒሳቡን አገልግሎት ሊገድቡ ይችላሉ። በየትኛውም ሀገር ብትሆኑ ቢያንስ የአንድ ወር ተኩል ወጪ ሒሳብ ሳይከፈት በእጅ በሚገኝ መንገድ ያዙ፤ ከፊሉ ጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉ ውጭ ሀገር በሚሠራ ካርድ ላይ። ሁለቱን በአንድ ቦርሳ አታስቀምጡ።

በስልክ ብቻ የሚከፈቱት አዳዲስ የገንዘብ መተግበሪያዎችስ? ለመጀመር ጥሩ ናቸው፤ ቅርንጫፍ አይጠይቁም። ግን ሁሉም ባንክ አይደሉም። የባንክ ፈቃድ ያለው ድርጅት ቢወድቅ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ በአውሮፓ ኅብረት እስከ 100,000 ዩሮ፣ በአሜሪካ እስከ 250,000 ዶላር ዋስትና አለው። ፈቃዱ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ብቻ ከሆነ ይህ ዋስትና በቀጥታ አይሸፍነውም። የቀን ወጪ እዚያ ይሁን፤ የመንፈቅ ዓመት ክፍያ ግን ባንክ ውስጥ ይቀመጥ።

ገንዘቡ ሲመጣና ሲወጣ

ቤተሰብ ሲልክላችሁ የሚያስፈልገው ቁጥር እንደ ሀገሩ ነው። አውሮፓ ውስጥ አይባን ይባላል፤ የጀርመኑ 22፣ የፈረንሳዩ 27 ፊደልና ቁጥር አለው። አሜሪካና ካናዳ አይባን የላቸውም፤ አሜሪካ 9 አሃዝ ያለው የባንክ መለያና የሒሳብ ቁጥር ይበቃታል። ከሌላ ሀገር ለሚመጣ ገንዘብ ደግሞ 8 ወይም 11 ፊደልና ቁጥር ያለው የስዊፍት ኮድ፣ ማለትም የባንኩ ዓለም አቀፍ መለያ፣ ይጨመራል። እነዚህን ከባንኩ መተግበሪያ ቀድታችሁ ላኩ፤ በእጅ አትጻፉ።

በስዊፍት የሚላክ ገንዘብ በመንገዱ ላይ ሌሎች ባንኮችን ያቋርጣል፤ እነሱም ይቆርጣሉ። የተላከው 500 ሆኖ የደረሰው ያነሰው ለዚህ ነው። ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን ላኪው ሲልክ ይመርጣል። የትምህርት ክፍያ ከሆነ ሁሉንም ወጪ ላኪው እንዲሸፍን ምረጡ። አለዚያ ዩኒቨርሲቲው ትንሽ ጎድሎ ይደርሰውና ምዝገባችሁ ይንጠለጠላል።

ኤቲኤም ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ውጭ ሀገር ካርዳችሁን ስታስገቡ ማሽኑ "በካርድህ ሀገር ገንዘብ ይቆጠርልህ?" ብሎ ይጠይቃል። ቁጥሩ የምታውቁት ስለሆነ እሺ ማለት ያምራል። እሺ ካላችሁ ምንዛሪውን የሚወስነው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ ተመኑም ብዙ ጊዜ የከፋ ነው። ሁልጊዜ የቆማችሁበትን ሀገር ገንዘብ ምረጡ። ሱቅ ውስጥ ካርድ ማሽን ላይም ያው ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ። ተማሪ የሚበዛበት ቦታ ሁሉ "ሒሳብህ ላይ ገንዘብ ይግባልህ፣ ትንሽ ወስደህ ቀሪውን አስተላልፍልኝ" የሚል ሰው አይጠፋም። አንዳንዴ የሥራ ማስታወቂያ መስሎ ይመጣል፤ አንዳንዴም በሀገር ልጅ በኩል። ገንዘቡ የተሰረቀ ነው። ስማችሁ ያለበት ሒሳብ ስለሆነ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ብሪታንያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው በማጭበርበር መከላከያ መዝገብ ላይ ለ6 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ እስከ 14 ዓመት እስራትም ሊያስከትል ይችላል። ቪዛውም አብሮ ይሄዳል። ስትመረቁና ስትመለሱ ሒሳባችሁን ለሌላ ሰው "መሸጥ"ም ያው ነው።

ሒሳቡ ከተከፈተ በኋላ

አሁን የስልክ ኮንትራት መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ቶሎ አትቸኩሉ። ቅድመ ክፍያው ከበቃችሁ እዚያው ቆዩ። ኮንትራት የሚፈርም ሰው ቪዛው የሚያበቃበትን ቀን ከኮንትራቱ ማብቂያ ጋር ያስተያይ። የ24 ወር ውል ፈርሞ የ12 ወር ማስተርስ የሚማር ሰው የቀረውን ሊከፍል ነው። ኮንትራት ብትገቡም ቁጥራችሁን ይዛችሁ መዛወር ትችላላችሁ፤ አዲስ ቁጥር አትውሰዱ። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ደግሞ ኩባንያው "የሌላ አባል ሀገር አይባን አልቀበልም" ማለት አይችልም፤ ሕጉ ይከለክለዋል።

ተመርቃችሁ ስትወጡ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ስልኩን ቀድሞ መዝጋት ያጓጓል፤ የመጨረሻ ግን እሱ ይሁን። መጀመሪያ አከራዩ ያስያዛችሁትን ገንዘብ ይመልስ፣ የትምህርት ቤትና የግብር ተመላሽ ካለ ይግባ። ቀጥሎ የስድስት ወርና የዓመት የባንክ መግለጫዎቻችሁን አውርዳችሁ ያዙ፤ ለሚቀጥለው ቪዛ ሊጠየቁ ይችላሉ። ከዚያ ቀሪውን ገንዘብ አስተላልፋችሁ ሒሳቡን ዝጉና የመዝጊያ ማረጋገጫ በጽሑፍ ተቀበሉ። ኢሜይላችሁንና ሌሎች አገልግሎቶችን ሁሉ ወደ አዲሱ ቁጥር ካዛወራችሁ በኋላ ነው ሲሙ የሚወጣው።